በሳሞቫር ሻይ ማዘጋጀትና ማቅረብ፦ ለአዳማ ቤቶች የሚሆን መመሪያ

ሳሞቫር፣ ማለትም ባለ ቧንቧው ትልቅ የብረት ማፍያ፣ የሚያፈላው ውሃ እንጂ ሻይ አይደለም። ሻይ ቅጠል ወደ ሆዱ አይገባም፤ ስኳርም፣ ቀረፋም፣ ቅርንፉድም አይገቡም። ቅጠሉ የሚዘፈዘፈው ከሳሞቫሩ አናት ላይ በሚቀመጥ ትንሽ በራድ ውስጥ ነው፤ ሳሞቫሩ ደግሞ ከዚያ በራድ የሚቀዳውን ወፍራም ሻይ በየብርጭቆው ለማቅጠን የሚያስፈልገውን የፈላ ውሃ እንግዳ እስኪሸኝ ድረስ ሳያቋርጥ ያቀርባል። በአብዛኛው ቤታችን የለመድነው ቅጠሉን፣ ቅመሙንና አንዳንዴም ስኳሩን በአንድ ማንቆርቆሪያ ጨምሮ አንድ ላይ ማንተክተክ ስለሆነ፣ ሳሞቫር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ያንኑ በትልቁ መድገምን ነው። እንዲህ ሲደረግ ሻዩ ይመርራል፣ የቧንቧው ቀዳዳ በቅጠል ይደፈናል፣ የውስጡም ልባጥ ቀለም ይይዛል። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ግን ሳሞቫር የተሠራበት ጥቅም መቅረቱ ነው፤ ጥቅሙም በአንድ ቤት የተቀመጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው እንደየፍላጎታቸው የወፈረ ወይም የቀጠነ፣ ከመጀመሪያው ብርጭቆ እስከ መጨረሻው ትኩስ የሆነ ሻይ ማግኘታቸው ነው።

የሚከተለው መመሪያ በከሰል የሚሠራውን ጥንታዊውን ሳሞቫር የሚመለከት ሲሆን፣ በአዳማ ግቢው ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ እንግዳ ለሚቀበል ሰው እንዲስማማ ታስቦ ተጽፏል። የከተማዋ ከፍታ፣ ነፋሷና የአካባቢው ውሃ በሻዩ ላይ የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው፣ ለሌላ አገር የተጻፈውን እንዳለ መከተል አያዋጣም።

ዕቃውና አሠራሩ

ሳሞቫር በይበልጥ የሚታወቀው በሩሲያ ነው። ከሞስኮ በስተደቡብ በምትገኘው በቱላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1778 ኢቫንና ናዛር ሊሲትሲን የተባሉ ወንድማማቾች ሳሞቫር ይሠሩ እንደነበር የሚታወቅ ሲሆን፣ ቱላ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ሙያ ስሟ የገነነ ከተማ ሆናለች። ኢራኖች፣ ቱርኮችና አዘርባጃኖችም ሳሞቫርን የራሳቸው አድርገው በየአገራቸው የሻይ ልማድ ውስጥ አስገብተውታል። ቅጠል አይገባበትም ያልኩትን ሕግ የማይከተሉት ካሽሚሮች ናቸው፤ ካህዋ የሚሉትን በአረንጓዴ ሻይና በቅመማ ቅመም የሚዘጋጅ መጠጥ የሚያፈሉት በራሱ በሳሞቫሩ ሆድ ውስጥ ነው። የእነሱ ሳሞቫር ግን እንደ በራድ እጀታና አፍንጫ ያለው ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ባለ ቧንቧው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሃሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ የእሳት ቱቦ አለ፤ ከሰሉ በዚህ ቱቦ ውስጥ ሲነድ ውሃው ዙሪያውን ከብቦት ይቀመጣል። ከቱቦው ሥር አመድ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ብረት አለ፤ በእግሩ ዙሪያ ያሉት ክፍተቶች ደግሞ አየር ያስገባሉ። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከታች ስለሚስብ፣ እሳቱ አንዴ ከተያያዘ ማራገቢያ አያስፈልገውም። ከላይ የውሃው ክዳን፣ ከክዳኑ በላይ በራድ የሚቀመጥበት ቀለበት፣ ቱቦውን የሚዘጋ ትንሽ ቆብ፣ እንዲሁም ከሰሉ በሚቀጣጠልበት ጊዜ ብቻ የሚሰካ የጭስ ማውጫ ይገኛሉ። የጭስ ማውጫው የጠፋበት አሮጌ ሳሞቫር ካጋጠመዎ፣ ቆርቆሮ ቤት ሄዶ በቱቦው አፍ ልክ ማሠራት ይቻላል።

በእጅዎ የገባው አሮጌ ሳሞቫር ከሆነ እሳት ከመግባቱ በፊት ውስጡን ይመርምሩ። ክዳኑን ከፍተው በባትሪ ሲያበሩበት ግድግዳውም ሆነ የእሳቱ ቱቦ ውጫዊ ገጽ ግራጫ ወይም ብርማ ሆኖ መታየት አለበት፤ ይህ ናሱን ወይም መዳቡን ከውሃው የሚለየው የቆርቆሮ ልባጥ ነው። ልባጡ ተፍቆ ቀይ ወይም ቢጫ ብረት ብቅ ካለ፣ ይልቁንም አረንጓዴ ዝገት ከታየበት፣ ባለሙያ እንደገና እስኪለብጠው ድረስ ለመጠጥ አይጠቀሙበት፤ አረንጓዴው ነገር የመዳብ ዝገት ስለሆነ ጨጓራን ይጎዳል። ለጌጥ ታስበው ከተሠሩት መካከል ከመጀመሪያውም ልባጥ የሌላቸው አሉ፤ እነሱን ለጌጥነታቸው መተው ይሻላል። ውስጡ ደህና ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ደረቅ ጋዜጣ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ያቁሙት። ጋዜጣው ከሥሩ ከረጠበ ብየዳው ያፈስሳል ማለት ነው፤ ከቧንቧው በታች ብቻ ከረጠበ ግን ችግሩ ቀላል ነው። የቧንቧው መክፈቻ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ ሆኖ በራሱ ማስገቢያ ልክ የተሞረደ ስለሆነ፣ ነቅሎ በሎሚ ውሃ ማጠብና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፤ በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ ግን ልክነቱን ያበላሸዋል።

ውሃው

በዚህ አካባቢ ስለ ውሃ ሳይነሣ ስለ ሻይ መናገር አይቻልም። አዳማ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለምም ከዚሁ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሻይ ቅጠልም በተፈጥሮው ፍሎራይድ ስለሚያከማች ሁለቱ ሲገናኙ መጠኑ ይጨምራል። ውሃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ጭራሹን ሳሞቫሩ እየተነነ ባመሸ ቁጥር በቀረው ውሃ ውስጥ ያለው ክምችት ከፍ ይላል። ስለዚህ ለሳሞቫር የሚሆነው ተጣርቶ በመስመር የሚመጣው የከተማው ውሃ ነው፤ የግል ጉድጓድ ያለው ቤት ግን ይዘቱን በላቦራቶሪ አስመርምሮ እስኪያውቅ ድረስ ለሻይም ለመጠጥም ሌላ ውሃ ቢጠቀም ይመረጣል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን የሚል ከሆነ በንጹሕ እንስራ ወይም ባልዲ ቀድተው ክዳኑን ገርበብ አድርገው ማሳደር ሽታውን ያለዝበዋል። ትናንት በሳሞቫሩ ውስጥ ያደረ ውሃ ግን ለአትክልት እንጂ ለሻይ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ነው። የቱንም ያህል ከሰል ቢጨመር ከዚያ አያልፍም፤ እሳቱን ማብዛት የሚያበዛው እንፋሎቱን ብቻ ነው። ለቡናማና ጥቁር ሻይ ቅጠል ይህ ሙቀት ይበቃል፤ ሆኖም የሚተርፍ ሙቀት ስለሌለ በቀዝቃዛ በራድ ላይ ሲፈስስ ወዲያው ከ90 በታች ይወርዳል፣ ሻዩም ሳይወጣ ይቀራል። በራዱን አስቀድሞ ማሞቅ በሌላ አገር እንደ ልማድ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ እዚህ ግን የግድ ነው።

እሳቱ

ከሁሉ የሚቀድም ሕግ አለ፤ ሳሞቫሩ ውሃ ሳይይዝ እሳት አይገባበትም። የቱቦው መጋጠሚያዎች የተያያዙት በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ ሲሆን ይህ ቅይጥ ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ የጋመ ከሰል ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሞቃል። ውሃ እስካለ ድረስ ብረቱ ከውሃው ሙቀት እምብዛም አያልፍም፤ ውሃው ካለቀ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጋጠሚያው ተፈትቶ አያት ቅድመ አያት ያቆዩት ዕቃ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቧንቧው መዘጋቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ እስኪቆም ውሃ ይሙሉ፣ ክዳኑን ይግጠሙ፤ ከሰል የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ በሚሞሉበት ጊዜ ወደ እሳቱ ቱቦ እንዳይንጠባጠብ ቆቡን ቱቦው ላይ ያድርጉበት።

ቦታ መምረጥ ቀጣዩ ሥራ ነው። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ሳሞቫር በዝግ ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም። ዝናብ ስለመጣ ብሎ ፍም የያዘውን ሳሞቫር ወደ ሳሎን አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ሰው የሚጨርስ ስሕተት ነው። ግቢ፣ በረንዳ ወይም ሁለት በኩል የተከፈተ ዳስ ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ አዳማ ነፋሻማ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባሉት ከፍታዎች ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። በቀጥታ ነፋስ የሚያገኘው ሳሞቫር ከሰሉን ቶሎ ይጨርሳል፣ ከቱቦው አፍም ብልጭታ ይረጫል። ከግንብ ሥር፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ በኩል ያስቀምጡት፤ በላዩ ላይ የላስቲክ ሸራ ወይም የደረቀ የዛፍ ቅርንጫፍ አይኑር። ከሥሩ ሰፊ የብረት ትሪ ማድረግም አመዱንና የሚወድቀውን ፍም ይይዛል። ሕፃናት የሚሯሯጡበት ግቢ ከሆነ ሳሞቫሩ ወለል ላይ ሳይሆን በማይነቃነቅ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ቢቆም ይመረጣል፤ ባለ ክር የጠረጴዛ ልብስ ልጅ ሊጎትተው ስለሚችል አያልብሱት።

በሩሲያ እሳቱን የሚያስነሡት የተቀጣጠለ ስንጥር ወደ ቱቦው በመጣል ነው፤ የጥድ ፍሬም ይጨምሩበታል። እኛ ዘንድ ግን በየቤቱ የከሰል ምድጃ ስላለ ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ። ከሰሉን ምድጃው ላይ አቀጣጥሎ ጭሱ እስኪያልቅና ዙሪያው እስኪቀላ ጠብቆ፣ ከዚያ ፍሙን በጉጠት አንድ በአንድ ወደ ቱቦው ማስገባት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ጭስና ሽታ ምድጃው ላይ ይቀራል። የግራር ከሰል ጠንካራና ቶሎ የማያልቅ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የሚመረጥ ነው፤ ከአውራ ጣት ባልበለጠ መጠን መሰባበር አለበት፣ አለዚያ ቱቦው ውስጥ ተሰንቅሮ አየር ይዘጋል። ዱቄቱንና ርጋፊውን ነፍተው ያስወግዱ፤ ታች ያለውን ወንፊት የሚደፍነው እሱ ነው። ለአምስት ሊትር ሳሞቫር ሦስት አራት እፍኝ ፍም ማፍላቱንም ማቆየቱንም ይችላል። ላምባ ማርከፍከፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታው ከቱቦው አልፎ በራዱ ላይ ይቀራል፣ በጋመ ፍም ላይ ሲፈስስም ይቀጣጠላል።

ፍሙ ከገባ በኋላ የጭስ ማውጫውን ይሰኩ። ከእግሩ ዙሪያ ባሉት ክፍተቶች አየር ሲገባ ከሰሉ ውስጥ ውስጡን ይግማል። ቱቦው ጸጥ ካለና ሙቀቱ ካልጨመረ አመድ ደፍኖት ይሆናልና በቀጭን ሽቦ ከላይ ወደ ታች ቆስቁሱት። ከዚህ በኋላ ጆሮ ሥራውን ይሠራል። ውሃው መሞቅ ሲጀምር ቀጭን፣ የተቆራረጠ ፉጨት ይሰማል፤ ቆየት ሲል ፉጨቱ ይወፍርና እንደ ንብ ቀፎ ያለማቋረጥ ድምፅ ያሰማል፤ በመጨረሻም ክዳኑ መንቀጥቀጥ፣ በክዳኑ ቀዳዳ በኩልም እንፋሎቱ በኃይል መውጣት ይጀምራል። ለበራዱ የሚሆነው ውሃ የሚቀዳው ሁለተኛው ድምፅ ወደ ሦስተኛው በሚሻገርበት ጊዜ ነው። ረጅም ጊዜ እየተንተከተከ በቆየ ውሃ የተዘጋጀ ሻይ ደንዘዝ ያለ ጣዕም እንዳለው ብዙዎች ይናገራሉ። ለአምስት ሊትር ውሃ ከመጀመሪያው ፍም እስከ መፍላቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ እንግዳው በር ሲያንኳኳ ሳይሆን ከዚያ በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

ከፈላ በኋላ የጭስ ማውጫውን በጨርቅ ይዘው ይንቀሉ፣ የበራድ መቀመጫውን ቀለበት ይግጠሙ፣ ቱቦውን ለማፈን ቆቡን ገርበብ አድርገው ያስቀምጡ። አየሩ ሲቀንስ ፍሙ ሳይጠፋ ይለዝባል፣ ውሃውም ሳይንተከተክ ትኩስነቱን እንደያዘ ይቆያል። ብዙ ሰው ቸል የሚለው ይህን ቆብ ነው፤ ሳሞቫርን ከማንቆርቆሪያ የሚያስበልጠው ግን ይኸው እሳቱን እንደ ፈለጉ ማጉደልና መጨመር መቻሉ ነው።

በራዱ

የአገራችን ሻይ ቅጠል፣ ከፋ ውስጥ ካለው ከውሽውሽም ሆነ ኢሉባቦር ውስጥ ካለው ከጉመሮ ቢመጣ፣ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ተቆርጦና ተድቦልቡሎ ድቅቅ ያለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ቀለሙንም ጉልበቱንም ቶሎ ስለሚለቅቅ ለሳሞቫር በጣም ይስማማል፤ ብዙ ከቆየ ግን ፈጥኖ ይመርራል። ሙሉ ቅጠል ያለው ሻይ ካገኙ ጊዜውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ያራዝሙለት። በከረጢት የታሸገውን ለዚህ አልመክርም፤ አሥር ከረጢት በአንድ በራድ ከመንከር ይልቅ ያልታሸገውን መጠቀም በዋጋም በጣዕምም ይሻላል።

ልኩን በምሳሌ ላስቀምጥ። አሥር እንግዶች ሁለት ሁለት ብርጭቆ ይጠጣሉ ብንልና ብርጭቆው 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ የሚያስፈልገው ሦስት ሊትር ሻይ ነው። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ሩቡ ከበራዱ ስለሚቀዳ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ በራድ ይበቃል፤ ለእሱም 30 ግራም ያህል፣ ማለትም አሥር አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይገባበታል። የቀረውን ከሁለት ሊትር የሚበልጥ ውሃ ሳሞቫሩ ይሰጣል። በአምስት ሊትር ሳሞቫር ይህ ሁሉ ተቀድቶ፣ በራዱና ብርጭቆዎቹም ታጥበውበት፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ብቻ ይተርፋል፤ መተው ያለበት ግን ቢያንስ ሲሶ ያህል ስለሆነ፣ በመካከሉ ሙቅ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል።

በራዱን ከሳሞቫሩ በተቀዳ የፈላ ውሃ ሞልተው አንድ ደቂቃ ያቆዩና ይድፉት። ሳይቀዘቅዝ ቅጠሉን ይጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግተው ትንሽ ይወዝውዙት፤ የሞቀው ቅጠል ሽታ ወዲያው ይነሣል። ከዚያ የፈላውን ውሃ እስከ ግማሽ ይጨምሩ፣ ትንሽ ጠብቀው ይሙሉት፣ በወፍራም ፎጣ ይሸፍኑት። አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። አሁን አንድ ተጨማሪ በራድ ካለዎት የወጣውን ሻይ በማጥለያ ወደ እሱ ያስተላልፉ፤ ቅጠሉን ለይቶ ማስቀመጥ ሻዩ እስከ ምሽቱ መጨረሻ ሳይመርር እንዲቆይ ያደርገዋል። ሳሞቫሩ አናት ላይ የሚቀመጠው ይህ የተጠለለው በራድ ነው። ፍሙ ገና ኃይለኛ ከሆነ ግን ቶሎ አያስቀምጡት፤ ከሥሩ የሚመጣው ሙቀት ሻዩን ሊያንተከትከው ይችላል፣ የተንተከተከ ወፍራም ሻይ ደግሞ በምንም አይቃናም።

ቅመሙስ? ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል የሌለበት ሻይ ለብዙዎቻችን ጎዶሎ ነው፤ እኔም መቅረቱን አልደግፍም። ቀረፋና ቅርንፉድ ግን ጣዕማቸውን የሚሰጡት ሲንተከተኩ ነው፤ በራድ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ መዘፍዘፍ አይበቃቸውም። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ፣ አንድ ስባሪ ቀረፋና አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ በትንሽ ድስት ምድጃ ላይ ለአሥር ደቂቃ አንተክትኮ፣ በመጨረሻ የተወቀጠ ሄል ጣል አድርጎና አጥልሎ፣ ቅጠሉን በዚያ የፈላ የቅመም ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ቅመም የማይወድ እንግዳ ካለ የቅመሙን ውሃ በሌላ ትንሽ በራድ ለብቻ ማቅረብና ለፈለገ ጠብ ማድረግ ይቻላል። ሳሞቫሩ ውስጥ ግን አይግባ፤ የቅርንፉድ ዘይት ልባጡ ላይ ተጣብቆ ለወራት ይሸታል።

መቅዳትና ማቅረብ

ሻይ የምትቀዳው ወይም የሚቀዳው ሰው ከሳሞቫሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ እስኪያበቃም ቦታው አይለቀቅም። በራዱ በቀኝ፣ ብርጭቆዎቹ በትሪ ፊት ለፊት፣ የታጠበበት ውሃ የሚደፋበት ሳህን በግራ ቢሆን እጅ አይሻገርም። የቧንቧው አፍ ወደ ቀጂው እንጂ ወደ እንግዳ አይዞር።

ብርጭቆውን በጥቂት ሙቅ ውሃ አለቅልቀው ይጀምሩ፤ ቀጭን ብርጭቆ በድንገት የፈላ ውሃ ሲያገኝ ይሰነጠቃል፤ ማንኪያ ውስጡ ማቆምም ይረዳል። ከዚያ ከበራዱ እስከ ሩብ ድረስ ይቅዱ፣ ብርጭቆውን ከቧንቧው ሥር አድርገው ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ከአፉ አንድ ጣት ሲቀረው ይዝጉ። መጠኑ የሚታወቀው በቀለሙ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ጠይም ቀይ ሆኖ ጣትዎ በወዲያ በኩል ደብዘዝ ብላ ከታየች መካከለኛ ነው፤ ጨርሶ ካልታየች ወፍሯል፤ ጥርት ብላ ከታየች ቀጥኗል። ይህን ለማየት ብርጭቆ ከስኒ ይሻላል። ቀጂው ለሁሉም አንድ ዓይነት ከመቅዳት ይልቅ እያንዳንዱን ሰው መጠየቅ አለበት፦

«እማማ፣ ወፈር ይበል ወይስ ቀጠን?»

«ቀጠን አድርጊልኝ ልጄ፣ አሁን መሽቷል፣ እንቅልፍ እንዳይነሣኝ።»

«ጋሼስ?»

«የእኔን አወፍሪው።»

እንዲህ ሆኖ ከአንድ በራድ ለእማማ አንድ ጣት የማይሞላ ሻይና ቀሪው ውሃ፣ ለጋሼ ደግሞ ከሩብ አልፎ ሲሶ የሚደርስ ሻይ ይቀዳል፤ ማንም ተጨማሪ ሳያፈላ ሁለቱም የፈለጉትን ያገኛሉ። ለሕፃናት ጥቂት ጠብታ ብቻ በቂ ነው፤ የእነሱ ብርጭቆ ቀዝቀዝ እስኪል ከትሪው አይነሣ። ቅደም ተከተሉ እንደ ልማዳችን ከአዛውንት ይጀምራል፤ ትሪውን የያዘችው ልጅም በቀኝ እጇ እያነሣች በግራ ደገፍ አድርጋ ትሰጣለች።

ስኳርን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር የተመረተባት ወንጂ ጎረቤቷ በሆነች ከተማ ስኳር አትጨምሩ ማለት ከንቱ ልፋት ነው። የማሳስበው ግን በራዱ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ነው። ስኳር የገባበት በራድ ሳሞቫሩ አናት ላይ ሲቆይ ይዝለገለጋል፤ የስኳር በሽታ ያለበት እንግዳም ሳያውቅ ይጠጣዋል። ስኳሩ በዕቃው ከማንኪያ ጋር ይቅረብ፤ እንግዳው በልኩ ይጨምር። በሩሲያና በኢራን ጠጣር ስኳር ጥርስ ላይ ይዞ መራራውን ሻይ በላዩ መጠጣት የተለመደ ነው፤ ጠጣር ስኳር ካገኙ ለአንድ ጊዜ ሞክረው ማየት ይገባል። ሎሚና ወተት አብረው ለአንድ ብርጭቆ አይሆኑም፤ ወተቱ ይቆራርጣል። ሎሚ የገባበት ሻይ ቀለሙ ወዲያው ስለሚፈካ፣ ሎሚ ለሚፈልግ ሰው ትንሽ ወፈር አድርጎ መቅዳት ተገቢ ነው። ወተት ለሚፈልግ ወተቱ ለብቻው ሞቆ ይቅረብ።

አብሮ የሚቀርበው ነገር ከባድ ባይሆን ይመረጣል። ዳቦ ቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ ወይም ትኩስ ሕብስት ይበቃል። በጾም ቀናት ከወተትና ከቅቤ የራቀው ሁሉ ይስማማል፤ በረመዳን አፍጥር ላይ ደግሞ ሰው ከተምርና ከሾርባ በኋላ ወዲያው ትኩስ ሻይ ስለሚፈልግ፣ ሳሞቫሩ ከመግሪብ ግማሽ ሰዓት በፊት መቀጣጠል አለበት። ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ላይ ብዙ ሰው ሲኖር፣ አንዱ በራድ እየተቀዳ ሌላው እንዲዘፈዘፍ ሁለት በራድ በፈረቃ መጠቀም ወረፋውን ያቀልላል።

ውሃው ወደ ሲሶ ሲወርድ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ የሻዩን ትኩሳት ከማቋረጡም በላይ በጋለ መጋጠሚያ ላይ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ብየዳውን ያላላዋል። በምድጃው ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ እየሞቀ ቢቆይ መሙላቱ ቀላል ይሆናል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት በራዱን ያንሡ፤ ክዳኑን ወደ ራስዎ ሳይሆን ወደ ወዲያ በኩል ያንሡት፣ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሳሞቫር ያላችሁ የእሳቱን ክፍል ትታችሁ የውሃውን፣ የበራዱንና የመቅዳቱን መከተል ትችላላችሁ። የሚለየው ማሞቂያው በውሃ ተሸፍኖ መቆየት ያለበት መሆኑ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ውሃው መኖሩን ሳያዩ ዳግመኛ አይሰኩት።

ካበቃ በኋላ

እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ቆቡን ሙሉ በሙሉ ገጥመው ፍሙን ያፍኑት። ውሃው ተደፍቶ ፍም ከቀረ ብየዳው አደጋ ላይ ስለሚወድቅ፣ ፍሙ ጠፍቶ ሳሞቫሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ውሃው ውስጡ ይቆይ። ፍሙን ለማጥፋት በቱቦው ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ አመዱ ጭቃ ሆኖ ወንፊቱን ይደፍናል፣ የጋለውንም ብረት ይሰነጥቀዋል። ሲቀዘቅዝ ውሃውን በአፉ ዘንበል አድርገው ይድፉ፤ በቧንቧው ብቻ ከተቀዳ ከታች የሚቀር ዝቃጭ አለ። ከዚያ አመዱን አራግፈው ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ያብሱ።

ከጊዜ በኋላ ቱቦውን ከቦ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከውሃው የሚወጣ ጨው ነው፤ እየወፈረ ከሄደ ውሃው ቶሎ አይፈላም። በቢላ ወይም በሽቦ አይፋቅ፤ ልባጡ አብሮ ይነሣል። የአራት አምስት ሎሚ ጭማቂ ወይም አንድ ብርጭቆ አቼቶ በሙሉ ውሃ ውስጥ ጨምሮ በለስላሳ እሳት ማሞቅና ለአንድ ሰዓት ማቆየት ቅርፊቱን ያላላዋል፤ ከዚያ በላይ ማሳደር ግን አሲዱ ልባጡን እንዲበላው መፍቀድ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ይድፉ። ውጫዊው አካል ናስ ከሆነ ግማሽ ሎሚ በተነፋ አመድ እየነከሩ ማሸትና ወዲያው አጥቦ ማድረቅ የድሮ ብሩህነቱን ይመልስለታል። በኒኬል የተለበጠውን ግን በአመድ አይንኩ፤ ለስላሳ ጨርቅና የሳሙና ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ላዩ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ወይም የተቀረጹ ሜዳሊያዎች ካሉበት እነሱን አጥብቆ ማሸት ጽሑፉን ያጠፋል።

ሲያስቀምጡት ክዳኑ ሳይገጠም፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ፣ አቧራ እንዳይገባበት ስስ ነጠላ ጨርቅ ብቻ ተጥሎበት ይቀመጥ። ተዘግቶ የከረመ ሳሞቫር ውስጡ ይሻግታል፣ የተፋቀ ቦታ ካለበትም ዝገቱ የሚጀምረው በዚያ እርጥበት ነው። የቧንቧውን መክፈቻ ነቅለው ካጠቡ እዚያው መልሰው ይሰኩት፤ የሌላ ሳሞቫር መክፈቻ ቢመስልም አይገጥምም፣ ከጠፋም ምትኩን ማግኘት ያስቸግራል።